ጀርባ የሌላቸው ቤቶች

ጁይካም ሲሚንቶ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ቤት ግን ትሠራለች። ካሜሩን ውስጥ፣ ዱዋላ ከተማ፣ ዴይዶ ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ በኮምፒውተር ግድግዳ ታቆማለች፣ ቆርቆሮ ታለብሳለች፣ መስኮት ታወጣለች። የምትሠራቸው ቤቶች የስልክ ጌም ውስጥ የሚገቡ ናቸው። እናቷ ለጎረቤት ስትናገር "ልጄ የግንባታ ባለሙያ ናት" ትላለች፤ ጎረቤቶቹም አምነው አንዱ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንድታይለት ቤቱ ድረስ ጠርቷታል። ሄዳ አየችው። መሰንጠቁን አረጋግጣ ተመለሰች።

ጌሙ የአንዲት ቤኜ ሻጭ ታሪክ ነው፤ ቤኜ በዘይት የተጠበሰ የሊጥ ኳስ ነው። ተጫዋቹ የተጠበሰውን ቤኜና የተቀቀለውን ቦሎቄ በሳህን ይዞ፣ ሳይቀዘቅዝ በየቤቱ ያደርሳል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ሰይፍ የለ፣ ዘንዶ የለ። ግን ዱዋላ ውስጥ በጠዋት ቀዝቃዛ ቤኜ የቀረበለት ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየ፣ ነገሩ የዋዛ አለመሆኑን ይረዳል።

የጌም ድርጅቱ ባለቤት ኤቦዋ ይባላል። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲናደድ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ አይጮህም፣ ስለዚህ ሠራተኞቹ ሲጮህ ደስ ይላቸዋል። ሁሉም "ታላቄ" ብለው ነው የሚጠሩት። የጌሙን የመጀመሪያ ሁለት ደረጃዎች፣ የወንዙን ዳርና ገበያውን፣ ሌላ ሰው ሠርቷቸው ለቆ ሄደ። ሦስተኛው ደረጃ ራሱ ሰፈሩ ነው፤ ዴይዶ። ኤቦዋ ይህንን ለጁይካም ሰጣት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሷ ብቻ የሆነ ሥራ ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ነበር፤ በደስታ ምሳ ሳትበላ ዋለች።

ችግሩ ሽማግሌው ነው። ሽማግሌው ሰው አይደለም፤ ፊቱ የተሰነጠቀ፣ ትንሽ ሲሠራ የሚግል አሮጌ ስልክ ነው። የኤቦዋ ሕግ አንድ ነው፤ ሽማግሌው ላይ ያልሮጠ ነገር ጌሙ ውስጥ አይገባም። ትክክል ነው። ጌሙን የሚጫወተው ሕዝብ በእጁ የያዘው የእህቱን አሮጌ ስልክ ነው።

ጌም ውስጥ የሚታይ ነገር ሁሉ ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰፋ ነው። አንድ ልሙጥ ግድግዳ ሁለት ይበቃዋል፤ አንድ ክብ በርሜል ግን እልፍ ይበላል። ስልኩ እነዚህን ሁሉ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ደጋግሞ ይስላቸዋል። ከበዙበት ምስሉ ይንተባተባል፤ ቤኜ ሻጯም ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች።

ጁይካም ደግሞ ማቅለል ትችልበታለች። አንድ የብሎኬት ግድግዳ ሠርታ እሱኑ እያዞረች ሰፈር ሙሉ ትደረድራለች። ክቡን በርሜል ባለ ስድስት ጎን አድርጋ በቀለም ክብ ታስመስለዋለች። የቆርቆሮውን ዝገት ትስለዋለች እንጂ አትቀርጸውም። ከሁሉ በላይ የምትወደው ግን ቆረጣውን ነበር። በኢንተርኔት ያስተማራት ሰውዬ በየትምህርቱ የሚደጋግማት አንዲት ነገር ነበረችው፤ ተጫዋቹ የማያየውን አትሥሩ። እሷም የጣሪያውን ሆድ፣ የግንቡን ታች፣ የቤቶቹን ጀርባ በሙሉ፣ ከቦሎቄ ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅም ሴት አንድ በአንድ እየለቀመች ጣለች። የቀረው የቤቶቹ ፊት ነው። ፊቱን ግን አሳመረችው፤ በረንዳ፣ ጥምዝምዝ ያለ የብረት ፍርግርግ፣ የአበባ ማሰሮ። መሀሉ ላይ ሰፊ መንገድ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ የዉሪ ወንዝ ብልጭ ይላል። እውነት ለመናገር ውብ ነበር፤ እሷም አላፈረችበትም፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እየጠራች ታሳይ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሽማግሌው ተንተባተበ። ኤቦዋ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጁይ፣ ዝግጁ የሆነ ከተማ ገዝቻለሁ።"

"የምን ከተማ?"

"ከኢንተርኔት። ቀላል ነው፣ ሽማግሌው ላይ እንደ ውኃ ይፈሳል። ቅዳሜ ሰዎች ጠርተን እናስጫውታለን። ያንቺ ከሄደ ያንቺ ይገባል። ካልሄደ የተገዛው ይገባል።"

ከፍቶ አሳያት። ቀጥ ያሉ ሕንፃዎች፣ የተጠረገ የእግረኛ መንገድ፣ አንድ ኩሬ እንኳ የሌለበት አስፋልት። የጎዳና ቸርቻሪ ጃንጥላ የለም፣ የተሰጣ ልብስ የለም። የትም ሊሆን የሚችል፣ የትም ያልሆነ ከተማ ነው።

"ታላቄ፣ እዚህ ውስጥ ማን ነው ቤኜ የሚበላው?"

"ደንበኛ ነዋ" አለ ሚሴ ከማዶ ጠረጴዛ። ሚሴ ጌሙ የሚሠራበትን የኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፈው ልጅ ነው፤ በሰው ነገር ገብቶ መልስ መስጠት ይወዳል።

"አንተን ማን ጠየቀህ!"

ጁይካም ያን ቀን ነገሩ ሆዷ ገባ። ጌሙ ሲያልቅ ስሟ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ እሱም አንድ ነገር ነው። ግን ከስሟ ይልቅ የፈለገችው ሌላ ነበር። የተወለደችበት ሰፈር በማያውቃት ሰው መዳፍ ላይ እንዲታይ ፈለገች። ዴይዶ ወጥታ በምትኩ ያ የትም ያልሆነ ከተማ ሲገባ ማየት አልፈለገችም። እስከ ዓርብ የአበባ ማሰሮዎቹን ጣለች፣ ፍርግርጉን አሳሳች፤ ሽማግሌውም ወደ ወንዙ ሲዞር ብቻ ትንሽ እየተንገዳገደ መሮጥ ጀመረ። "ይበቃል" አለች ለራሷ።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው ታታ ኤናንጋ ናት፤ የኤቦዋ አክስት፣ የቤቱም ባለቤት። ታታ በዱዋላ ለአክስትና ለትልቅ ሴት የሚባል ጥሪ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ትኖራለች። ቀጥሎ ፎንኩዋ መጣ፤ በራፉ ላይ ቤንስኪኑን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባለ ሞተር ነው። ታታ መነጽሯን አድርጋ፣ ሽማግሌውን ክንዷን ዘርግታ አርቃ ያዘችው።

"ምንድን ነው የማደርገው?"

"ቤኜውን ቢጫው ቤት ያደርሱታል ታታ" አለች ጁይካም። "መንገዱ ይኸው ፊት ለፊትዎ ነው።"

ታታ ያን ሁሉ የተለፋበት መንገድ አየችው። አንዴ ብቻ። ከዚያ አውራ ጣቷን ወደ ግራ አዞረችና በሁለት ቤቶች መካከል ወዳለው ክፍተት ቀጥ ብላ ገባች።

"ታታ፣ መንገዱ ወደ ፊት—"

"መንገዱንማ አየሁት።"

ቤኜ ሻጯ ከግድግዳው እንዳለፈች መሬቱ አለቀ። ከነሳህኑ፣ ከነቦሎቄው፣ ሰማያዊ ባዶ ውስጥ ተምዘግዝጋ ወረደች።

"ዌህ! ወደቅሁ!" ታታ ስልኩ እንዳይጥላት ይመስል ወንበሩን ያዘች። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቤት ጀርባ የለውም እኮ! ሰዎቹ የት ነው የሚያበስሉት?"

ጁይካም ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ችግር የለም፣ ፎንኩዋ ይሞክር።"

ፎንኩዋ ስልኩን ተቀብሎ፣ እንደ ሞተር መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጥቂት ሄደና ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። ወደቀ።

"አንተ ደግሞ!" አለች ጁይካም። "ታታ ስትወድቅ አላየህም?"

"እሷ በግራ ነው የወደቀችው። እኔ በቀኝ ነው የገባሁት።"

"ዋናው መንገድ ምን በደለህ?"

"በዋናው መንገድ ማን ይሄዳል? ኩሬ አለ፣ ጭነት መኪና አለ፣ ፖሊስ አለ። ቤኜው ይቀዘቅዛል፣ እህቴ!"

ሚሴ እስኪያንቀው ሳቀ። ከዚያ ተራው ደረሰው። ሚሴ ከቤቶቹ ጀርባ ምንም እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ትእዛዙን የጻፈው እሱ ነው። ቢሆንም አውራ ጣቱ በራሷ ጊዜ ሄዳ ወደ ክፍተቱ አስገባችው። ወደቀ። "እኔ አይደለሁም" አለ እጁን እያየ።

ኤቦዋ ትዕግሥቱ አለቀ። "አምጡት ወዲህ! አንድ ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል?" ስልኩን ነጠቀና በመንገዱ መሀል በኩራት ተራመደ። ሁሉም ትከሻው ላይ ተደርበው ያዩታል። ቢጫው ቤት እየቀረበ መጣ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ወደ በሩ አልሄደም። በቤቱ ጎን ታጠፈ። ሲወርድ አዩት።

"ልማድ ነው" አለ ኤቦዋ። ያን ቀን ድምፁ ዝቅ ያለው ከንዴት አልነበረም።

ታታ መነጽሯን አወለቀች። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ በየት ነው የገባሽው?"

ጁይካም ዘወር ብላ ወደ ታች የሚወርደውን ደረጃ አየች። የዚህ ቤት የፊት በር ከውስጥ ቁም ሣጥን ተደግፎበት ዓመታት አልፈዋል። ሁሉም ሰው የሚገባው በጓሮ፣ በታታ ወጥ ቤት በኩል ነው። እዚያ ድረስ የሚያመጣው ደግሞ በቤቶቹ ጀርባ የሚሹለከለከው ጠባብ የጓሮ ቅያስ ነው፤ ዱዋላዎች ማፓን ይሉታል። በዴይዶ የፊት በር የሚያንኳኳ እንግዳ ነው፣ ወይም መርዶ ነጋሪ ነው።

"በወጥ ቤትዎ" አለች ጁይካም።

"እኮ!"

እዚህ ላይ በልጅቷ አልፈርድም። መራመድ ከጀመረች ጀምሮ በማፓን ያደገች ናት፤ ግን ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ የራሷን እግር ረስታ የመምህሯን እግር ተዋሰች። ሰውዬውም ስህተት የለበትም። በእሱ አገር ሰው በፊት በር ይገባል።

ኤቦዋ ተቀመጠ። "ጀርባውን ሁሉ ልሥራ ብትይ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ሽማግሌው አሁንም ጉልበቱ አልቋል። የተገዛውን እናስገባ።"

"ክፍተቶቹን በማይታይ ግድግዳ እንዝጋቸዋ" አለ ሚሴ።

ታታ ዞር ብላ አየችው። "ማፓን ይዘጋ ነው የምትለኝ? የዚህ የኤቦዋ አጎት ማፓን በሽቦ ዘግቶ፣ ሲሞት ሬሳውን የሚሸከም ጎረቤት ጠፋ። ንገረው ኤቦዋ።"

"ከመሀል ከተማ ተሸካሚ በክፍያ አስመጣን" አለ ኤቦዋ አቀርቅሮ።

ማንም ደግሞ ስለ መዝጋት አላነሳም። ጁይካም እስከ ረቡዕ ጊዜ ለመነች፤ ኤቦዋም እምቢ ማለት ከበደው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀላት።

ወደ ቤቷ ስትሄድ ካፊያ ነበር። ከፍቷት ነበር፤ እንባዋም ቅርብ ነበር። ማፓን ውስጥ ገብታ ከአንድ ቤት ጀርባ ቆም አለች። በግራዋ ጢስ ያጠቆረው የጣውላ ግድግዳ አለ። በቀኝዋ ብሎኬት፣ በላዩ አንድ የውኃ ቱቦ። ከራስዋ በላይ ሁለት ቆርቆሮዎች ሊነካኩ ደርሰው፣ በመካከላቸው አንድ ክር ሰማይ። ፊት ለፊት የተሰጣ አንሶላ፣ ከአንሶላው ኋላ መታጠፊያ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው አይታይም። ጥቂት ሄዳ ታጠፈች። እዚያም ሁለት ግድግዳ፣ አንድ ክር ሰማይ፣ መታጠፊያ።

ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና ታጠፈች።

ሽማግሌውን የገደለው የቤቶቹ ብዛት አልነበረም። ያ የምትኮራበት ሰፊ መንገድ ነው! መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ሰፈሩን ሙሉ እስከ ወንዙ ድረስ ስለሚያይ፣ ስልኩ ሁሉን በአንዴ መሳል አለበት። ማፓን ውስጥ ግን የሚታየው ከፊትህ ያለው መታጠፊያ ብቻ ነው። ስልኩ እሱን ብቻ ይስላል፤ ሌላው ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል። ቆርጣ የጣለችው መንገድ ራሱ ቀላሉ መንገድ ነበር።

መሀል ላይ ቆማ ብቻዋን ሳቀች። ልብስ የሞላ ገንዳ የተሸከመች ሴት ከኋላዋ ደርሳ ነበር።

"ወይ እለፊ ወይ አሳልፊኝ፣ እህቴ!"

"ማዳም፣ እዚህ ስንት ግድግዳ ይታይዎታል?"

ሴትዮዋ ገንዳዋን አጥብቃ ይዛ፣ ግድግዳውን ተጠግታ፣ ሳትመልስላት አለፈች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለጁይካም የደስታ ቀናት ነበሩ። ሥራው ሥራ አልመስል አላት። መጀመሪያ የቤቶቹን ፊት ገፈፈችው፤ ማንም የማይጠጋውን በረንዳና ፍርግርግ ልሙጥ ግድግዳ ላይ የተሳለ ሥዕል አደረገችው። የተረፋትን ሦስት ማዕዘን ሁሉ ወደ ጓሮ አዞረችው። የጣውላ ግድግዳ፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ፣ ቱቦ፣ ሦስት ጉልቻ፣ አንሶላ፤ የሠራችው እነዚህን ብቻ ነው። አንዱን አንሶላ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ባለ አበባ ቀለም ቀብታ በየጓሮው ሰቀለችው። መታጠፊያዎቹን ከእውነተኛው ይልቅ ትንሽ ጠበብ፣ ትንሽ ጠምዘዝ አደረገቻቸው፣ ዓይን ራቅ እንዳይል። በሰው ትከሻ ልክ የማይታዩ ሳጥኖች በየግድግዳው ደገፈች፣ ቤኜ ሻጯ ጥግ ላይ እንዳትሰነቀር። ሚሴ ደግሞ ከየትኛው መታጠፊያ የትኛው ጓሮ እንደሚታይ ለስልኩ የሚነግረውን ትእዛዝ ጻፈላት፤ እየተነጫነጨ ጻፈው፣ ግን ጥሩ አድርጎ ጻፈው። መብራት ሲጠፋ ወርደው ማፓን ውስጥ እየተዘዋወሩ የረሱትን ይፈልጋሉ። አንድ ጓሮ ረስተው የተገኙት የታታን ነበር። ለታታ ሳይነግሩ በፍጥነት ሠሩት።

ረቡዕ ጠዋት ኤቦዋ ሽማግሌውን ይዞ ብቻውን ጥግ ተቀመጠ። ማፓን ውስጥ ገባ፣ ታጠፈ፣ ታጠፈ፣ እንደገና ታጠፈ። ምስሉ አንዴም አልተንተባተበም። ስልኩን ጉንጩ ላይ ለጥፎ ሙቀቱን ለካ። ቀዝቃዛ ነው።

"ዋናው መንገድስ?"

"አለ፣ ታላቄ። ካሰኘህ ሂድበት።"

ወጥቶ ወደ ወንዙ ዞረ። እዚያ ቤኜ ሻጯ ትንሽ ተጎተተች።

"ተይው" አለ ኤቦዋ። "የእውነቱም መንገድ ላይ መቼ ይኬድና።"

ግን ጌሙ ውስጥ ገብቷል አላለም። ሽማግሌውን ለታታ ሰጣት። ጁይካም እጇን ከጠረጴዛው ሥር አቆላልፋ ጠበቀች፤ ታታ ይህን ጓሮ ውሸት ነው ካለች፣ ከዚህ በኋላ የሚረዳ ማቅለል የለም።

ታታ ኤናንጋ ክንዷን ዘርግታ ጀመረች። ወደ ግራ ታጥፋ ገባች። አልወደቀችም። "እሺ" አለች። በመጀመሪያው ጓሮ፣ ጉልቻው አጠገብ ስትደርስ ግን ቤኜ ሻጯ ድንገት ቆመች። ጁይካም ደነገጠች፤ ስልኩ የተያዘ መሰላት። ስልኩ አልተያዘም። ታታ ናት አውራ ጣቷን ያነሳችው።

"እንደምን አደራችሁ" አለች ታታ።

ማንንም አላየችም። ለስልኩ ነው ያለችው፤ በጢስ ለጠቆረው የጣውላ ግድግዳ። በሰው ወጥ ቤት ጀርባ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሌባ ብቻ ነው፣ ታታ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ሌባ አትሆንም። ትንሽ ጠበቀች። ስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል እንጂ የሚመልስላት የለም። ፊቷ ቅር አለው።

ጁይካም ዓይኗ እንባ ሞላ። በሕይወቷ ሙሉ እንደዚያ ጠዋት የተደሰተችበትን ቀን እንደማታስታውስ ነግራኛለች።

"ደህና አደሩ፣ ታታ!" አለች በቤቶቹ ፋንታ።

"ደህና አደሩ!" አለ ሚሴ። ፎንኩዋም ምኑንም ሳያውቅ ከደረጃው ላይ "እግዚአብሔር ይመስገን!" ብሎ ተቀበለ።

ታታ ራሷን ነቀነቀችና መንገዷን ቀጠለች። በየጓሮው ሰላም አለች፣ እነሱም በየጓሮው መለሱላት፤ ቢጫው ቤት ጓሮ በር ስትደርስ ሁሉም ይጮኹ ነበር፣ ኤቦዋ ሳይቀር።

"ሚሴ" አለ ኤቦዋ በመጨረሻ፤ እየጮኸ ነበር። "ያንን የተገዛ ከተማ አጥፋልኝ፣ ቦታ ይዞብናል። ለቤቶቹ ደግሞ ድምፅ ስጣቸው። ሰው አልፎ ዝም ይባላል እንዴ?"

ሚሴ የድምፅ መቅጃውን ወደ ጁይካም አፍ አስጠጋ። እሷም ሳታስበው ቅድም ያለችውን ደገመችው። በኋላ እናስተካክለው ተባለ፣ ማንም አላስተካከለውም። ዛሬ ያንን ጌም ከፍቶ በመጀመሪያው ጓሮ የሚያልፍ ተጫዋች ሁሉ፣ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ወንድ ቢሆን እንኳ፣ "ደህና አደሩ፣ ታታ!" እየተባለ ነው የሚያልፈው።